ኑዛዜ የሀብታም ጉዳይ አይደለም

ኑዛዜ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ ዕድሜው የገፋ፣ ሦስት አራት ቤት ያለው፣ አልጋ ላይ ውሎ የነፍስ አባቱንና ሽማግሌዎችን ያስጠራ ባለጸጋ። ከዚያ ውጭ ያለነው፣ ደመወዝተኛው፣ ባለ ባጃጁ፣ ኮንዶሚኒየም የደረሳት ነርስ፣ ዐረብ አገር የምትሠራው ወጣት፣ ጉዳዩ እኛን አይመለከትም ብለን እናልፋለን። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ባለጸጋው ጠበቃም የሒሳብ ሠራተኛም አለው፤ ሳይናዘዝ ቢሞት እንኳ ወራሾቹ ዓመታት የሚፈጅ ክርክር የሚሸከሙበት አቅም አያጡም። ኑዛዜ አጥብቆ የሚያስፈልገው፣ ያለው ጥቂት የሆነ፣ ያ ጥቂትም ለማን መድረስ እንዳለበት ከሕጉ ይልቅ ራሱ የሚያውቅ ሰው ነው። ሕጉ የሚያየው ደምን ነው። እኛ ግን የምንኖረው ከሥጋ ዘመድ ጋር ብቻ አይደለም።

እስከ ዛሬ የምንዳኝበት የውርስ ሕግ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ያለው ነው። ሟች ካልተናዘዘ በመጀመሪያ የሚወርሱት ልጆቹ ናቸው፤ ወንድ ሴት፣ በጋብቻ የተወለደ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ሳይባል እኩል። ቀድሞ የሞተ ልጅ ካለ የእሱ ልጆች በአባታቸው ወይም በእናታቸው ቦታ ይገባሉ። ልጅ ከሌለ ለሟች እናትና አባት እኩሌታ እኩሌታ ይደርሳቸዋል፤ ከእነሱ የሞተ ካለ ልጆቹ፣ ማለትም የሟች ወንድምና እህቶች፣ ይተኩታል። ከዚያ ወደ አያቶች፣ ወደ ቅድመ አያቶች ይወጣል። ዘመድ ጭራሽ ከታጣ ንብረቱ ለመንግሥት ይሆናል። በዚህ ተራ ውስጥ ባል ወይም ሚስት የሚባል ወራሽ የለም። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አያምንም፤ ነገሩ ግን እንደዚሁ ነው። የትዳር ጓደኛ ከጋራ ሀብቱ ግማሹን ይወስዳል፤ ያ ግማሽ ግን ቀድሞም የራሱ ስለነበረ ነው እንጂ ውርስ ሆኖ አይደለም። የሟች ግማሽ ግን ወደ ሟች ሥጋ ዘመዶች ይሄዳል።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስትን እንውሰድ። አሥር ዓመት ቆጥበው አንድ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ይዘዋል፤ ሌላ የሚባል ንብረት የላቸውም። ባል በድንገት ቢሞት ሚስት የቤቱ ግማሽ ባለቤት ትሆናለች፤ የቀረው ግማሽ የአማቶቿ፣ እነሱም ከሌሉ የባሏ ወንድሞችና እህቶች ነው። ቤት በቢላ አይቆረጥም። ወይ የእነሱን ድርሻ በገበያ ዋጋ ገዝታ ታስቀራለች፣ ወይ ቤቱ ይሸጥና ገንዘቡ ይከፈላል። ባልየው በሕይወት ሳለ ተጠይቆ ቢሆን “ቤቱ የእሷ ነው፣ ይህ ምን ጥያቄ ያስፈልገዋል” ይል ነበር። የልቡን ያወቀ ፍርድ ቤት ግን የለም፤ አንድ ገጽ ኑዛዜ ይበቃ ነበር። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት የሚኖሩ ሰዎች ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይከፋል። እንዲህ ባለው ኑሮ የተፈራ ሀብት የጋራ የሚሆነው አብሮ መኖሩ ቢያንስ ሦስት ዓመት ሲሞላው ነው፤ በሕይወት የቀረው ሰው ገና ከሐዘን ሳይነሣ አብሮ መኖሩን በምስክር ማስረዳት ይጠበቅበታል።

ወጣቱም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ያላገባ፣ ያልወለደ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ እናቱ እንጀራ ሸጣ ለብቻዋ አሳድጋዋለች እንበል። አባቱ ልጅነቱን ከመቀበል ያለፈ ያደረገለት ነገር የለም። ልጁ ሥራ ይዞ፣ ትንሽ ገንዘብ አጠራቅሞ፣ ሞተር ሳይክል ገዝቶ በአደጋ ቢሞት፣ ሕጉ እናትየውን ከአባትየው አስበልጦ አያይም። እኩሌታው የአባት ነው። አባት ቀድሞ ሞቶ ከሆነም ያ እኩሌታ ልጁ አይቷቸው ወደማያውቅ የአባቱ ሌሎች ልጆች ይሄዳል። ሕጉ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ማን ማንን እንዳሳደገ የሚለካበት ሚዛን ስለሌለው ነው። በተቃራኒው ደግሞ በየቤቱ የምናውቃቸው፣ በእናት አባት ስም የሚጠሩ፣ ግን በጉዲፈቻ ውል ያልተያዙ ልጆች አሉ፤ ከገጠር መጥታ ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ ያደገች የእህት ልጅ፣ ሚስት ይዛው የመጣችው የእንጀራ ልጅ። እነዚህ ልጆች አልጋ ላይ የዋለችውን አሳዳጊያቸውን ሲያስታምሙ ኖረው፣ ከቀብር በኋላ በሕግ ዐይን ቤቱ ውስጥ እንግዳ ናቸው። ስማቸው ኑዛዜ ላይ ከሌለ የትም የለም።

ንብረት ጨርሶ የሌላት እናትስ? ለእኔ ኑዛዜ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእሷ ነው። የሌላ ወላጅ ጥላ በሌለበት ልጅ የምታሳድግ ሴት ድንገት ብትለይ፣ ልጁን ማን እንደሚያሳድገው የቤተሰብ ሕጉ ከአያቶች ጀምሮ በዝምድና ቅደም ተከተል ይፈልጋል። እሷ ግን በዚህ ጉዳይ ከሕጉ ቀድማ መናገር ትችላለች፤ በኑዛዜዋ ለልጇ አሳዳሪና ሞግዚት መምረጥ መብቷ ነው። የምታምነው ታናሽ እህቷን ይሁን፣ ወይም ደግ የሆነች ጓደኛዋን፣ የመወሰኛው ጊዜ አሁን ነው። ይህ ኑዛዜ ቤትም መኪናም አይጠቅስም። አንድ የሰው ስምና አንድ የልጅ ስም ብቻ ነው ያለበት።

“የሌለኝን ምን ልናዘዝ” የሚለው መልስ በአብዛኛው የሚመጣው ያለንን ቆጥረን ስለማናውቅ ነው። ጉሊት የምትሸጥ ሴት የዱቤ ደብተር አላት፤ በእርሳስ የተጻፈ፣ “የአስቴር እናት 340”፣ “ጋሽ ዘበኛው 120” የሚል፣ ከራሷ በቀር ማንም አንብቦ ማን ማን እንደሆነ የማይለየው። ዕቁብ አለባት፤ ዕጣዋ ወጥቷል አልወጣም የሚያውቀው ዳኛው ነው። ለወንድሟ ያበደረችው፣ ከጎረቤት የተበደረችው፣ ሁለቱም ያለ ወረቀት ነው። በስልኳ ቴሌብር ላይ ያለው ገንዘብ በምሥጢር ቁጥር የተቆለፈ ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ለአንድ ቤተሰብ የስድስት ወር ቀለብ ሊሆን ይችላል፤ እሷ ስትሞት ግን ግማሹ በአንድ ቀን ይተናል፤ ተበዳሪ ዝም ይላል፣ አበዳሪ ነኝ ባይ ይበዛል። ስለዚህ ለሞት መዘጋጀት ማለት ማከፋፈል ብቻ አይደለም። ያለንንና ያለብንን ጽፎ፣ ወረቀቱ የት እንዳለ አንድ የታመነ ሰው እንዲያውቅ ማድረግም የዚሁ ሥራ አካል ነው። ካርታው፣ ሊብሬው፣ የባንክ ደብተሩ፣ የጋብቻ የምስክር ወረቀቱ በአንድ ፌስታል ውስጥ ተሰብስበው ቢገኙ እንኳ ወራሽ ከብዙ ድካም ይድናል። የሞት የምስክር ወረቀት ማውጣት፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ የወራሽነት ማስረጃ መጠየቅ፣ ባንክና መሬት አስተዳደር መመላለስ ኑዛዜ ቢኖርም አይቀርም። ኑዛዜ ደጅ ጥናቱን ያሳጥራል እንጂ አያስቀርም፤ ከዚህ በላይ ቃል የሚገባልዎ ሰው ካለ አይመኑት። ግን የቀን ሠራተኛ ለሆነ ወራሽ እያንዳንዱ ቀጠሮ የአንድ ቀን ገቢ ነውና ማሳጠሩ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የታወቀ ነው፤ ስለ ሞት ማውራት ሟርት ነው፣ ሞትን መጥራት ነው ይባላል። የዚህ አባባል ችግር የምንኖረውን ኑሮ አለመምሰሉ ነው። በከተማም በገጠርም እድር የሌለው ቤተሰብ ለማግኘት አስቸጋሪ በሆነበት አገር፣ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ቀድሞ በመዋጮ ተገዝቶ መጋዘን በተቀመጠበት ሰፈር፣ ሞትን ማሰብ እንፈራለን ማለት ያስቸግራል። የእድር መዝገብ ላይ እናትና አባትን፣ አማትንና ልጆችን በስም ዘርዝረን ያስመዘገብነው እያንዳንዳቸው ሲሞቱ ስንት ብር እንደሚከፈል ተስማምተን ነው። ማንም ሟርት አላለውም። እድር ለቀብርና ለሐዘን ቀናቱ አሰናድቶናል፤ ያላሰናዳነው ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ላለው ጊዜ ነው። የሃይማኖት ነገር ከተነሣም፣ ፍትሐ ነገሥት ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ የደነገገው በሰፊው ነው። እስልምናም ኑዛዜን ያበረታታል እንጂ አይከለክልም፤ የኑዛዜው መጠን ከንብረቱ አንድ ሦስተኛ እንዳያልፍ፣ የወራሾች ድርሻም እንዳይነካ አድርጎ ወሰን ያበጅለታል፤ ሚስትም በሸሪዓ ከወራሾች አንዷ ናት። ተከራካሪዎች ፈቅደው ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሲሄዱ በዚያው ይዳኛሉ። በየትኛውም ቤት እምነት ለዝምታችን ሽፋን አይሆንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ሽማግሌ እያለ፣ ቤተሰብ እየተዋደደ፣ ወረቀት ምን ያደርጋል? ሽማግሌ ብዙ ቤት ከመፍረስ እንዳዳነ አልክድም። ነገር ግን ሽማግሌ የሚያስታርቀው ሟች ምን ፈልጎ እንደነበር ሲያውቅ፣ ሁሉም ወራሾች ለአካለ መጠን የደረሱና ፈቃደኞች ሲሆኑ ነው። ከወራሾቹ አንዱ ሕፃን ከሆነ ወይም አንዱ ካናዳ ሆኖ ስልክ ካላነሣ ሽምግልናው እዚያው ይቆማል። ደግሞ ይሉኝታ አለ። “ገና አፈሩ ሳይደርቅ ስለ ቤት ያነሣሉ” እንዳይባል እህቶች ዝም ይላሉ፤ ቤቱን የያዘው ወንድም ኪራይ መሰብሰቡን ይቀጥላል። ሕጉ ግን ይሉኝታ አያውቅም። ወራሽ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ የወራሽነት ክስ ካላቀረበ ይርጋ ይመጣበታል። እንዲህ በዝምታ ድርሻቸውን የሚያጡት በአብዛኛው ሴቶች መሆናቸውን ማን ያጣዋል?

ሦስተኛው የወላጆች ስጋት ነው፤ ልጆች ድርሻቸውን ካወቁ ይንቁኛል፣ አንዱ በሌላው ላይ ይነሣል የሚል። ኑዛዜ ግን ለልጆች የሚነበብበት ቀን ሟች ከሞተ በኋላ ነው፤ ተናዛዡ በሕይወት እስካለ ድረስ ሊሽረው፣ ሊለውጠው፣ ቀድዶ ሊጥለው ይችላል፤ “አልሽርም” ብሎ ቢፈርም እንኳ ቃሉ አያስረውም። አደገኛው መንገድ ብዙ ወላጆች እንደ አማራጭ የያዙት ሌላው ነው፤ “ከሞትኩ በኋላ ከሚጣሉ አሁኑኑ ላዙርላቸው” ብሎ ቤትን በስጦታ ወይም በይስሙላ ሽያጭ በልጅ ስም ማዞር። ያን ጊዜ ቤቱ የልጁ ሆነ። ልጁ ቢፋታ፣ ቢከስር፣ ከወላጁ ቀድሞ ቢሞት፣ ወይም ምራት ብትጨክን፣ አዛውንቱ በገዛ ቤታቸው ጥገኛ ናቸው። በኑዛዜ ግን እስከ መጨረሻው ቀን ባለቤቱ እርስዎ ነዎት።

አራተኛውን ተቃውሞ ግማሹን እቀበላለሁ። ኑዛዜ ራሱ የጠብ ምንጭ ነው ይባላል፤ እውነት ነው፣ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የውሳኔ ቅጾች ውስጥ የኑዛዜ ክርክር ሞልቷል። ክርክሮቹን ጠጋ ብሎ ላያቸው ግን ብዙዎቹ የሚነሡት ከይዘቱ ሳይሆን ከአጻጻፉ ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ የሚጸናው በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ሲነበብ፣ መነበቡና ቀኑ ራሱ ኑዛዜው ላይ ሲጻፍ፣ ሁሉም ወዲያውኑ ሲፈርሙበት ነው። አንዱ ምስክር ዳኛ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም ውል አዋዋይ ሆኖ በሥራው ላይ እያለ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ብዙ ሰው የሚሠራው ስሕተት ግን ይህ ነው፤ ጽሑፉን አስጽፎ፣ ምስክሮቹን ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን እየፈለገ ያስፈርማል። አራቱም በአንድ ላይ ተቀምጠው አልሰሙም፤ “ተነቦ” የምትለዋ ቃልም ወረቀቱ ላይ የለችም። ሃያ ዓመት የተለፋበት ቤት በዚህች ክፍተት ከኑዛዜ ወጥቶ ወደ ሕጉ ተራ ይመለሳል። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ በጋራ የሚናዘዙትም ዋጋ የለውም፤ እያንዳንዳቸው ለየብቻ መጻፍ አለባቸው። ልጅን ከውርስ መንቀል የፈለገም ምክንያቱን በግልጽ መጻፍ ይኖርበታል፤ ስሙን ሳይጠራ በማለፍ ብቻ ልጅ አይነቀልም። ይህን የምዘረዝረው ሰው እንዲፈራ አይደለም፤ ጠቡን የሚያመጣው ኑዛዜ መኖሩ ሳይሆን በግማሽ መሠራቱ መሆኑን ለማሳየት ነው። ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ምስክር እንዳይሆን አድርጎ፣ ሰነዱን በተለምዶ ውልና ማስረጃ በምንለው መሥሪያ ቤት ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ያስቀመጠ ሰው፣ “ሐሰተኛ ነው” የሚለውን ክስ ገና ሳይነሣ አዳክሞታል።

“በቃሌ ተናግሬያለሁ፣ ሰምተውኛል” የሚለው መተማመኛ ደግሞ ጨርሶ አያዛልቅም። ሕጉ በሁለት ምስክር ፊት በቃል መናዘዝን ቢያውቅም ወሰኑ ጠባብ ነው፤ የቀብር ሥርዓትን፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን የሚያሳድግ ሰውንና እያንዳንዳቸው ከአምስት መቶ ብር የማይበልጡ ስጦታዎችን ብቻ ነው የሚመለከተው። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየም ቃሉ ይቀራል። አምስት መቶ ብር በ1952 ዓ.ም. ቁም ነገር ነበር፤ ዛሬ ሁለት ኪሎ ቅቤ አይገዛም። ሕግ አውጪዎች ይህን ቁጥር ሊያሻሽሉት፣ የትዳር ጓደኛን ከወራሾች ተራ የማስገባቱን ጉዳይም ሊመክሩበት ይገባል ብዬ አምናለሁ። እስከዚያ ግን በአዲስ አበባም በባሕር ዳርም ያለ ሰው የሚዳኘው በተጻፈው ነው።

በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ሁለት ሕግ ይጠብቃቸዋል። በአሜሪካ ግዛቶችና በእስራኤል የትዳር ጓደኛ ሳይናዘዙለትም ወራሽ ነው፤ ያንኑ እያሰቡ አዲስ አበባ ላለው ቤታቸውም እንደዚያ የሚመስላቸው ጥቂት አይደሉም። ብዙዎች የሚመኩት በውክልና ነው። ኤምባሲ ሄደው፣ አስፈርመው፣ ለወንድማቸው ሙሉ ውክልና ልከዋል። ውክልና ግን ሌላ ስምምነት ካልተደረገ በቀር በወካዩ ሞት ይቋረጣል፤ እጅግ በሚያስፈልግበት ቀን የሚጠፋ ሥልጣን ነው። ከዚህም የከፋው ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ደመወዛቸውን እየላኩ በዘመድ ስም ቤት የሚያሠሩ እህቶቻችን ነገር ነው። ካርታው ላይ ስሙ ያለው ሰው ሲሞት፣ ቤቱን የሚወርሱት የእሱ ልጆች ናቸው። የላኪዋ ላብ የትም አልተጻፈም። ለእሷ ኑዛዜ ከመጻፍ የሚቀድመው ንብረቱን በስሟ ማድረግ፣ ካልሆነም ከዘመዷ ጋር የጽሑፍ ውል መያዝና የላከችበትን ደረሰኝ ማስቀመጥ ነው።

ሁሉም ነገር በኑዛዜ አይተላለፍም፤ ጡረታ የሚከፈለው የጡረታ አዋጁ ለዘረዘራቸው ተተኪዎች ነው፤ የገጠር መሬት ይዞታም የራሱ አዋጅና የየክልሉ ሕግ አለው። ኑሮ ሲለወጥ ኑዛዜውም አብሮ መታየት አለበት፤ ፍቺ ለቀድሞው የትዳር ጓደኛ የተተወውን ስጦታ ያስቀራል፣ ከኑዛዜው በኋላ የተወለደ ልጅም ድልድሉን ሊያፈርሰው ይችላል። ለመጀመር ግን ዕድሜም ሀብትም አይጠየቅም፤ የቤተሰብ ሕጉ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላውን ልጅ እንኳ እንዲናዘዝ ይፈቅድለታል። ምስክር መሰብሰብ የከበደው ሙሉውን በገዛ እጁ ጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ገልጾ፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ አኑሮ ይበቃዋል። ይህኛው ዓይነት ኑዛዜ ግን በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይሻራል። ስለዚህ ከዓመታት በፊት ጽፈው ሳጥን ውስጥ የቆለፉት ወረቀት ካለዎት፣ ዛሬ ያውጡትና ቀኑን ይመልከቱ፤ ሰባት ዓመት ካለፈው እንደገና ይጻፉት።